ኪሎና ቁመት ብቻውን አይበቃም፤ ወገብም ይለካ

ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ፣ ደሴ
ለተሁለደሬ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ሐይቅ
ለአምባሰል ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ውጫሌ

ጉዳዩ፦ በአዋቂዎች ምርመራ ከኪሎና ከቁመት በተጨማሪ የወገብ፣ የክንድና የጉልበት ልኬት እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ቢ ኤም አይ የሚባለው ቁጥር የአንድ አዋቂ ሰው ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ፣ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ውጤት ሲካፈል የሚወጣ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝንና ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 65 ለ2.89 ሲካፈል 22.5 ያገኛል። በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ከ18.5 በታች የሆነ ሰው ከሲታ ይባላል። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ያለው ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለው፣ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ወፍራም ተብሎ ይመዘገባል። ሚዛንና የቁመት መለኪያ ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ይህ ቁጥር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገኛል፤ ተወዳጅነቱም ከዚህ የመጣ ነው።

ስሌቱን መጀመሪያ የቀመረው ቤልጅየማዊው የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ ዘመኑም 1832 እ.ኤ.አ. ነበር። ኬትሌ ሐኪም አልነበረም። ፍላጎቱ የአንድን ሕዝብ አማካይ ሰው ቅርጽ በቁጥር ማወቅ እንጂ አንድን በሽተኛ መመርመር አልነበረም። ቁጥሩ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከ140 ዓመት በኋላ ነው፤ ስሙን ያወጡለት አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አንሰል ኪስና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነው። በዚያ ጥናት የተለኩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቢ ኤም አይ በትውልዱ የብዙ ሰዎችን ሁኔታ በጅምላ ማያ ነው። የአንድን ሰው ጤና ለመፍረድ በግለሰብ ካርድ ላይ መጻፍ የጀመረው በኋላ ነው።

ችግሩ ያለው ሚዛን የሚያየው ነገር ላይ ነው። ሚዛን አጥንትን፣ ጡንቻን፣ ስብንና ውሃን አንድ ላይ ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የትኛው ምን ያህል እንደሆነና የት እንዳለ አይለይም። ለምሳሌ ሁለት ሰዎች ይታሰቡ። አንደኛው ሐይቅ ከተማ በአስፋልቱ ዳር ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ ነው። ሁለተኛው በአምባሰል ገደላገደል ሥር ማሽላ ሲያርምና ሲኮተኩት የሚውል ገበሬ ነው። ሁለቱም ቁመታቸው 1.70 ሜትር፣ ክብደታቸውም 65 ኪሎ ቢሆን ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው 22.5 ነው፤ ሁለቱም «ጤናማ» ይባላሉ። ወገባቸው ሲለካ ግን የነጋዴው 95፣ የገበሬው 76 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው እጁና እግሩ ቀጭን፣ ቦርጩ የወጣ፣ ጡንቻው የሳሳ ነው። የሁለተኛው ክብደት በአብዛኛው የጡንቻና የአጥንት ነው። በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊትና በልብ ሕመም ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ቁጥሩ ግን አንድ ነው።

ይህ ልዩነት የሚመጣው ስብ በሰውነት ውስጥ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሥራ ስለማይሠራ ነው። ከቆዳ ሥር በጭንና በዳሌ የሚቀመጠው ስብ በአንጻሩ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። በሆድ ውስጥ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ግን ቅባት አሲዶችን በቀጥታ ወደ ጉበት በሚሄደው የደም ሥር ይልካል፤ ጉበት በስብ ይሞላል፣ ኢንሱሊንም ሥራውን በአግባቡ መሥራት ያቅተዋል። በሌላ በኩል ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ስለዚህ ቦርጭ የጨመረና ጡንቻ የቀነሰ ሰው ኪሎው ምንም ባይበዛ እንኳ ስኳሩ የሚያርፍበት ቦታ ጠብቦበታል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ቢ ኤም አይ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ክሳትን ለመቁጠር ነው፤ ለዚህም ጠቅሟል። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 30 በመቶው ከ18.5 በታች ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ይህ ቁጥር ወደ 22 በመቶ ዝቅ ሲል፣ 8 በመቶው ደግሞ ከመጠን ያለፈ ክብደት ወይም ውፍረት ያላቸው ሆነው ተገኙ። በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ የማይተላለፉ በሽታዎች ዳሰሳ ከአዋቂዎች ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ወፍራም የሚባለው ሰው ቁጥር ገና ትንሽ ሆኖ ሳለ የደም ግፊት ይህን ያህል መስፋፋቱ፣ ሊታመም ያለውን ሰው በኪሎው ብቻ መፈለግ ብዙዎችን እንደሚያሳልፍ ያመለክታል።

ለወሎ ሕዝብ ጉዳዩ ሌላ ጥልቀት አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ በዚህ ምድር ላይ ያለፈ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ወቅት በማህፀን የነበሩና በጨቅላነታቸው ያለፉበት ልጆች ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ አባወራዎችና እማወራዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ወረዳ እነዚህን ሰዎች ረሃቡ ካለፈ በኋላ ከተወለዱት ጋር አነጻጽረዋል፤ ውጤቱንም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሳትመዋል። በሕይወታቸው መጀመሪያ ረሃቡ ያገኛቸው ሰዎች ቁመታቸው አጠር ብሎ ተገኝቷል። የወገብ ስብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ቅባት መዛባት በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የሚፈጠረው፣ ባለሙያዎች ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚሉት ሁኔታም በእነርሱ ላይ በርክቶ ታይቷል። በሆላንድ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. ክረምት በረሃብ ጊዜ በማህፀን የነበሩ ሰዎችም ካደጉ በኋላ ስኳርን የመቋቋም አቅማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ምግብ ያጣ ፅንስ ያገኘውን ጥቂት ነገር አስቀድሞ ለአንጎሉ ያውላል፤ ጡንቻው፣ ኢንሱሊን አመንጪው ቆሽቱና ኩላሊቱ ግን አነስ ብለው ይቀራሉ። ሕፃኑ አድጎ ዘይት፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት በበዛበት ገበያ ሲኖር የሚጨምረው ኪሎ በሆዱ ዙሪያ በስብ መልክ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ቁመቱ አጭር፣ ክንዱ ቀጭን፣ ኪሎውም መካከለኛ ስለሆነ በቢ ኤም አይ ሠንጠረዥ ጤናማው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ረሃቡን ያሳለፈ አካል ዳግመኛ እንዳይጎዳ ከተፈለገ የሚታይበት መንገድ ከሚዛን የተሻለ መሆን አለበት። የሐይቅና የአምባሰል ሰው ይህን ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ከሲታ ሰው ስኳር በሽታ አይዘውም የሚለው እምነትም በአገር ውስጥ ጥናት ፈርሷል። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ታካሚዎች አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከገጠር የመጡት በአብዛኛው ድሆች፣ ከሲታዎችና ሰውነታቸው ያልዳበረ መሆናቸውን ገልጸዋል፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲታይም ጠይቀዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን ዓይነት በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። የገጠር ሐኪሞች ለዓመታት ያዩት ነገር ዛሬ ስም አግኝቷል ማለት ነው።

የመለያ ቁጥሮቹ ራሳቸው ለኢትዮጵያውያን ልክ መሆናቸው በጅማ ተፈትሿል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች የሰውነት ስብ በአየር ግፊት በሚሠራ የላቀ መሣሪያ ለክተው ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከመጠን ያለፈ ስብን በተሻለ የለየው ቢ ኤም አይ ለወንዶች 22.2፣ ለሴቶች 24.5 ሆኖ ተገኘ። የወገብ ዙሪያ ደግሞ ለወንዶች 83.7፣ ለሴቶች 78.0 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በዓለም አቀፉ መመሪያ ለውፍረት የሚሠራበት ቢ ኤም አይ 30 ነው። በተለይ በወንዶች ላይ ርቀቱ ትልቅ ነው፤ በ30 ብቻ የሚሠራ ክሊኒክ ብዙ ስብ ያለበትን ወንድ «ደህና ነህ» ብሎ ያሰናብታል። ይህ ጥናት በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ስለሆነ ለወሎ ገበሬ እንዳለ መገልበጥ አይገባም። በእስያም ተመሳሳይ ነገር ስለታየ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ በ2004 እ.ኤ.አ. ለእስያ ሕዝቦች 23 እና 27.5 የሚሉ ተጨማሪ የጥንቃቄ ነጥቦችን አስቀምጧል።

የሰውነትን ይዘት ከፋፍሎ ለማወቅ የተሠሩት ዘዴዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሰውነትን ስብና ከስብ ውጭ ያለው አካል ብለው ለሁለት ይከፍላሉ። የመጀመሪያው በእፍጋት ላይ ይመሠረታል። ስብ ከውሃ ይቀላል፣ ጡንቻና አጥንት ግን ይከብዳሉ፤ ስለዚህ የሰውነት መጠንና ክብደት ሲታወቅ የስቡ ድርሻ ይሰላል። ቀድሞ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይመዘን ነበር፤ ዛሬ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የአየር ግፊት ለውጥን በመለካት ይሠራል። ለሕፃናት የተዘጋጀው የዚህ መሣሪያ ዓይነት በጅማ ከ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ አዲስ የተወለዱ ልጆችን ስብና ጡንቻ ለመከታተል አገልግሏል፤ ልጆቹም እስካደጉ ድረስ እየተጠኑ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ በውሃ ላይ ይመሠረታል። ከስብ ውጭ ያለው አካል 73 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን ስብ ውስጥ ግን ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ሰውየው መጠኑ የታወቀ ዲዩተሪየም ያለበት ውሃ ይጠጣል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ምራቁ ተመርምሮ የሰውነቱ ጠቅላላ ውሃ ይሰላል። ይህ ዘዴ በጅማ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ አዋቂዎች መድኃኒት ሲጀምሩ በተደረገ ጥናት ላይ ውሏል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ተጨማሪ ምግብ የወሰዱት ኪሎ ብቻ ሳይሆን ጡንቻና የመጨበጥ ጉልበት ጭምር መጨመራቸውን አሳይቷል። ሚዛን ብቻ ቢሆን ኖሮ የተገኘው ኪሎ ስብ ይሁን ጡንቻ ማንም ሊናገር አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ዴክሳ የሚባለው፣ ሁለት ዓይነት ጉልበት ያለው የኤክስሬይ ምርመራ ነው። አጥንትን፣ ስብንና ሌላውን ሥጋ በየክፍሉ ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን መሣሪያው ውድ ስለሆነና የተረጋጋ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚፈልግ በወረዳ ደረጃ የሚታሰብ አይደለም።

አራተኛው በደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚሠራው ነው፤ በአንዳንድ ፋርማሲዎችና ጂሞች «ስብህን ይነግርሃል» ተብሎ በባዶ እግር የሚቆምበት ሚዛን የዚህ ዓይነት ነው። ውሃና ጨው ያለበት ጡንቻ ጅረቱን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ስብ ግን ያግደዋል። መሣሪያው ርካሽና ፈጣን ቢሆንም የሚለካው በዋናነት ውሃን ነው። ደቡብ ወሎ ላይ ይህን መዘንጋት ያስታል፤ ሙስሊሙ በረመዳን ከጎሕ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ውሃ አይቀምስም፣ ክርስቲያኑም በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ እስከ ቅዳሴ መውጫ ምንም ሳይቀምስ ይቆያል። ውሃ የተጠማ ሰውነት ጅረቱን ስለሚያግድ መሣሪያው ከእውነተኛው በላይ ስብ ያሳያል። ደግሞም በውስጡ ያለው ቀመር ብዙ ጊዜ የተሠራው በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ልኬት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው መሣሪያ ቢገባ እንኳ ሰዓቱና የጾሙ ሁኔታ ሳይመዘገብ ውጤቱን ማመን አይገባም።

አምስተኛው የቆዳ እጥፋትን በመቆንጠጫ መለካት ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ደርኒንና ዎመርስሊ የተባሉ የግላስጎው ተመራማሪዎች በክንድ ፊትና ኋላ፣ ከትከሻ አጥንት ሥርና ከዳሌ አጥንት በላይ የሚወሰዱ አራት ልኬቶችን ወደ ስብ መጠን የሚቀይር ሠንጠረዥ አውጥተዋል። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ግን ሁለት ሰዎች አንዱን ሰው ሲለኩ ውጤታቸው በቀላሉ ይለያያል፣ የሆድ ውስጥ ስብንም አያይም።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ለጤና ጣቢያና ለጤና ኬላ የሚቀረው መሣሪያ ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያውቀው ሜትር ነው። የወገብ ዙሪያ በጠቅላላ የሆድ ውስጥ ስብን ከቢ ኤም አይ በተሻለ ይጠቁማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የጨመረ አደጋ፣ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 በላይ ደግሞ በእጅጉ የጨመረ አደጋ እንዳለ ያስቀምጣል። ወገብ ለዳሌ ሲካፈል ለወንድ 0.90፣ ለሴት 0.85 መድረሱም የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። አጭርና ረጅም ሰው እኩል የሚዳኝበት ግን ወገብ ለቁመት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ወገብ ከቁመት ግማሽ ማነስ አለበት። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና እንክብካቤ ልቀት ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለአዋቂዎች መክሯል። ከላይ የተጠቀሰው የጅማ ጥናትም ለወንዶች 0.49፣ ለሴቶች 0.50 አግኝቷል። ይህን ለማወቅ ሒሳብ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም፤ በሰውየው ቁመት ልክ የተቆረጠ ክር ለሁለት ይታጠፍና በወገቡ ይዞርበታል፤ ጫፍና ጫፉ ካልገጠመ ወገቡ አልፏል። በምሳሌው ላይ የነጋዴው 95 ሴንቲ ሜትር ለ170 ሲካፈል 0.56፣ የገበሬው 76 ደግሞ 0.45 ይሆናል። አንድ ክር ቢ ኤም አይ ያልለያቸውን ሁለት ሰዎች ለየ።

ልኬቱ ትክክል የሚሆነው አወሳሰዱ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ሰውየው እግሩን ገጥሞ፣ እጁን ለቅቆ፣ ሳይሳብና ሳይነፋ ይቆማል። ሜትሩ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ባለው ቦታ በአግድም ይዞራል፤ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ ይነበባል። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈ እንደገና ይለካል። ጋቢ፣ መቀነትና ሽርጥ ይፈታሉ፤ በመቀነት ላይ የተለካ ወገብ የመቀነቱ እንጂ የሴትዮዋ ወገብ አይደለም። ሴት በሴት ባለሙያ፣ በመጋረጃ ውስጥ መለካቷ ለክብሯም ለልኬቱ ትክክለኛነትም ያስፈልጋል። በአካባቢው መወፈር «ተመችቶታል» ተብሎ የሚመሰገንበት ነገር ስለሆነ ባለሙያው ቦርጭን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ደም ግፊት ቁጥር አድርጎ ሊያስረዳ ይገባል።

ሁለተኛው የሜትር ሥራ ክንድ ላይ ነው። የክንድ ዙሪያ ልኬት፣ ባለሙያዎች ሙአክ የሚሉት፣ በግራ ክንድ በትከሻ ጫፍና በክርን መካከል፣ እጅ ተንጠልጥሎ ይወሰዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለሕፃናት ስለሚጠቀሙበት በየቀበሌው የሚያውቀው እጅ አለ። ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች በኢትዮጵያ 23 ሴንቲ ሜትር መለያ ሆኖ ያገለግላል። በእርግዝና ጊዜ ቢ ኤም አይ ስለማያገለግል ክንድ ይቀድማል። መቆም ለማይችል በሽተኛና እግሩ ላበጠ ሰውም የሚሠራው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ልኬት ጉልበት ነው። ጡንቻ ሲሟሽሽ መጀመሪያ የሚታወቀው በሚዛን ሳይሆን በሥራ ነው። ድሮ እንስራ ይዛ ዳገት ትወጣ የነበረች ሴት መንገድ ላይ ማረፍ ስትጀምር፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸንን ወጥቶ ይሳለም የነበረ ሰው ከሥሩ ሲቀር፣ ኪሎው ባይቀንስም ጡንቻው ቀንሶ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ የባለሙያዎች ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መመሪያ በመጨበጫ መሣሪያ ከ27 ኪሎ በታች ለወንድ፣ ከ16 ኪሎ በታች ለሴት የጡንቻ ድካም ምልክት ነው። መሣሪያው በሌለበት ወንበር ይበቃል፤ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ አምስት ጊዜ ከወንበር ተነሥቶ ለመቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ የፈጀበት አረጋዊ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

እነዚህም ልኬቶች ያለ ማስተዋል ከተወሰዱ ያሳስታሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሐይቅ ከተማን የአንጀት ቢልሃርዚያ አዲስ መገኛ አድርጎ መዝግቧል። በሽታው ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር ጉበትን ያደነድናል፤ በሆድ ውስጥም ውሃ ይቋጠራል። እንዲህ ያለ ሰው ወገቡ ይሰፋል፣ ኪሎው ይጨምራል፣ ሥጋው ግን እያለቀ ነው። ሜትሩ ቦርጭ ቢል ክንዱ ቀጭን መሆኑ እውነቱን ያወጣዋል። ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ ሰፊ ወገብና ቀጭን ክንድ አብረው ሲገኙ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ቦርጭ ሳይሆን ውሃ ነው። በልብና በኩላሊት ሕመም እግሩ ያበጠ ሰው ላይም እንዲሁ ነው።

በሳንባ ነቀርሳ የተያዘ ሰው ሕክምና ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመለሰው ኪሎ በአብዛኛው ስብ ነው፤ ጡንቻ ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ ኪሎው ተመለሰ ተብሎ ገበሬው ቶሎ ወደ እርሻ ሥራ ቢገፋ ጉልበት ያጣል። ቀድሞ ይሰጡ ከነበሩት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ስታቩዲን የፊትንና የእጅ እግርን ስብ እያሟሸሸ ሆድን ያስቀር ነበር፤ ቢ ኤም አይ ይህን አያይም ነበር። አረጋውያን ጀርባቸው ሲጎብጥ ቁመታቸው ስለሚቀንስ ቢ ኤም አያቸው በሐሰት ከፍ ይላል፤ በእነርሱ ላይ ቁመት በተዘረጋ ክንድ ርዝመት ቢገመት ይሻላል። የእግርና ከወገብ በላይ ያለው አካል ርዝመትም ውጤቱን ይለውጣል። እግሩ ረጅም፣ ከወገቡ በላይ አጭር የሆነ ሰው ቢ ኤም አዩ ዝቅ ይላል፤ የተቀማጭ ቁመት ከጠቅላላ ቁመት ያለው ድርሻ በ0.01 ሲለወጥ ቢ ኤም አይ ወደ 0.9 ያህል ይለወጣል። በቆላ የሚኖሩ እግረ ረጅም አርብቶ አደሮችና የደጋ ገበሬዎች በአንድ ቁጥር መዳኘታቸው በዚህም ምክንያት ትክክል አይሆንም።

ዓለምም ወደዚሁ እየሄደ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ቢ ኤም አይ ብቻውን ጉድለት እንዳለበትና ከሌሎች ልኬቶች ጋር መታየት እንዳለበት ወስኗል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በላንሴት ጉባኤ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ውፍረት ከመባሉ በፊት የሰውነት ስብ በቀጥታ ወይም ቢያንስ በአንድ የወገብ ልኬት መረጋገጥ አለበት ብለዋል። ሐይቅና ውጫሌ ይህን ለመጀመር የውጭ መሣሪያ መጠበቅ የለባቸውም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደቡብ ወሎ ሲደርስ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ውድ መሣሪያ ጠፍቶ ለመተካት ዓመታት ይፈጃል። ሜትር ግን በኪስ ይያዛል።

ከዚህ የተነሣ የሚከተሉት እንዲፈጸሙ በአክብሮት ይጠየቃል።

1ኛ፣ በሁለቱ ወረዳዎች ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለመደበኛ ምርመራ የሚመጣ አዋቂ ሁሉ ከኪሎና ከቁመት ጋር የወገብና የክንድ ዙሪያ ልኬቱ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ፤ ወገብ ለቁመት ሲካፈል የተገኘውም አብሮ እንዲመዘገብ።

2ኛ፣ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ ያለፈ ሰው ቢ ኤም አዩ ከ25 በታች ቢሆንም እንኳ የደም ግፊቱና የደም ስኳሩ እንዲለካ፤ ከሲታ ሆኖ ብዙ ውሃ የሚጠጣና ብዙ የሚሸና ሰውም ስኳር አይዘውም ተብሎ እንዳይታለፍ።

3ኛ፣ ሰፊ ወገብና ቀጭን ክንድ ያለው፣ በተለይ በሐይቁ ዙሪያ የሚኖር ሰው ለቢልሃርዚያና ለጉበት ምርመራ እንዲላክ።

4ኛ፣ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን የተወለዱ ሰዎች በካርዳቸው ላይ የትውልድ ዓመታቸው ተለይቶ እንዲታወቅና በየዓመቱ እንዲለኩ፤ ዓመተ ምሕረቱን በትክክል የማያውቁትም ከረሃቡ በፊት፣ በረሃቡ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ መወለዳቸው ተጠይቆ እንዲጻፍ።

5ኛ፣ ሳንባ ነቀርሳ ታክመው በሚድኑና በአረጋውያን ላይ የወንበር ፈተናው እንዲደረግ።

6ኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የአለካክ ሥልጠና እንዲያገኙና በየስድስት ወሩ ልኬታቸው እርስ በርስ እንዲነጻጸር፤ ሚዛኖችም ክብደቱ በታወቀ ዕቃ እንዲፈተሹ።

7ኛ፣ ለደጋውና ለቆላው ገበሬ የሚስማማ የወገብ መለያ ቁጥር እንዲገኝ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሁለቱ ወረዳዎች ጋር የሚያጠናበት መንገድ እንዲመቻች።

ቢ ኤም አይ ከካርዱ ይውጣ የሚል ጥያቄ እዚህ ውስጥ የለም። ክሳትን ለመቁጠርና የሕዝብን ለውጥ ከዓመት ዓመት ለመከታተል ያገለግላል፤ በአንድ ሰው ላይ ግን የምርመራ መጀመሪያ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባውም። በሚዛን ላይ እኩል ሆነው የቆሙት ነጋዴና ገበሬ አንዱ ሐኪም ሊያየው የሚገባ፣ ሌላው ደህና መሆኑ የሚታወቀው ወገባቸው ሲለካ ነው።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ